ደቃቅ ደለል በባሕር ሙላት ሜዳዎች ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕሩ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ የሚሸፍናቸውና ሁለት ጊዜ የሚገልጣቸው የጭቃ ሜዳዎች ሲያዩአቸው ምንም የማይከናወንባቸው ይመስላሉ። በእያንዳንዱ ሙላት ግን ከላያቸው ብዙ ጭቃ ይነሣል፣ ብዙ ጭቃም ያርፋል። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች የሚያያይዛቸው አንድ ሐሳብ ነው፤ ሜዳውን የሚሠራው ከወረደው ጭቃ ውስጥ ሳይመለስ የሚቀረው ጥቂት ትርፍ ነው።

የጭቃ ሜዳ የሚባለው የትኛው ነው?

ውኃው በሙላት ጊዜ በሚደርስበት ከፍተኛ መስመርና በሽሽት ጊዜ በሚወርድበት ዝቅተኛ መስመር መካከል ያለው ገላጣ መሬት ነው። ተዳፋቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ውኃው ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲል ባሕሩ ኪሎ ሜትሮችን ይሸሻል። ሞገድ በኃይል የሚመታው ክፍት ዳርቻ ብዙውን ጊዜ ጭቃ አይዝም። ስለዚህ ሜዳዎቹ የሚበዙት ከደሴቶች ጀርባ፣ በባሕረ ሰላጤዎች ውስጥና በወንዞች አፍ ነው። ከኔዘርላንድስ ተነሥቶ በጀርመን በኩል እስከ ዴንማርክ የሚዘልቀው የዋደን ባሕር፣ የደቡብ ኮሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ የቻይናው የጂያንግሱ ዳርቻና የካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ከታወቁት መካከል ናቸው። በፈንዲ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሳተላይት ጥናት በዓለም ላይ ቢያንስ 127,921 ካሬ ኪሎ ሜትር የሙላት ሜዳ መኖሩን አስልቷል። ይህ ቁጥር አሸዋማዎቹንና ድንጋያማዎቹንም ይጨምራል።

“ደቃቅ” ሲባል ምን ያህል ነው?

ከ2 ሚሊ ሜትር እስከ 0.063 ሚሊ ሜትር ያለው አሸዋ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በጥቅሉ ጭቃ ይባላል። ጭቃው ራሱ ሁለት ነው፦ እስከ 0.004 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለው ልም ደለል፣ ከዚያ የሚያንሰው ደግሞ ሸክላ ነው። ድንበሩን 0.002 ላይ የሚያደርጉ ባለሙያዎችም አሉ፤ ለእኛ ጉዳይ ልዩነት አያመጣም። በጣት ሲታሽ ልም ደለል በትንሹ ይሻክራል፣ ሸክላ ግን ይሟልጣል። የሸክላ ቅንጣቶች ዝርግ ቅርጽ ስላላቸው ከመጠናቸው አንጻር ገጻቸው እጅግ ሰፊ ነው። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ነገር አብዛኛው ከዚህ ሰፊ ገጽ የሚመነጭ ነው።

ይህን ያህል ደቃቅ ከሆነ እንዴት ሊዘቅጥ ይችላል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስሌቱም ከጠያቂው ጎን ይቆማል። ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሕግ መሠረት የአንድ ደቃቅ ቅንጣት የመዝቀጥ ፍጥነት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። 0.06 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅንጣት በረጋ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን ለዚያው አንድ ሜትር ከሦስት ቀን በላይ ያስፈልገዋል። ከሙላት እስከ ሙላት ያለው ጊዜ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ውኃው ቆሟል ሊባል የሚቻልበት ጊዜ ደግሞ ከዚህ ውስጥ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ሸክላ በሜዳው ላይ ባልተገኘ ነበር።

ለብቻው ግን አይወርድም። የሸክላ ቅንጣቶች ገጻቸው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው በንጹሕ ውኃ ውስጥ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ወንዙ ከባሕሩ ሲገናኝና ጨው ሲገባበት በውኃው ውስጥ የሚበተኑት የጨው አዮኖች ያንን የመገፋፋት ኃይል ያሳጥሩታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅንጣቶች ሲጋጩ ከመፈናጠር ይልቅ ይጣበቃሉ። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ለማጣበቁ ግን ጥቂት ግራም እንኳ ይበቃል። ባክቴሪያዎችና አልጌዎች የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገርም ሙጫ ይሆናል። በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ተያይዘው ዘለላ ይሠራሉ። ዘለላው አብዛኛው ውኃ ነው፤ በእጅ ቢነኩት ይበተናል። ሆኖም ከአንድ ቅንጣት እጅግ የሚተልቅ ስለሆነ በሰከንድ ከ0.1 ሚሊ ሜትር እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዘለላ አንድ ሜትሩን በ17 ደቂቃ ይጨርሳል። ይህ ውኃው ከሚረጋበት ጊዜ ጋር ይስማማል።

ማየት ለሚፈልግ ሰው ሙከራው ቀላል ነው። በሁለት ግልጽ ማሰሮዎች ውስጥ እኩል የሸክላ አፈር በውኃ በጥብጦ በአንደኛው ላይ ጨው መጨመር ነው። የዝናብ ውኃ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧ ውኃ ራሱ ማዕድን ስላለው ልዩነቱን ያደበዝዘዋል። ጨው የገባበት ጥቂት ቆይቶ ነጫጭ ወይም ቡናማ ብጥስጣሾች ይታዩበትና ከላይ መጥራት ይጀምራል። ሌላኛው ብዙውን ጊዜ በማግሥቱም ድፍርስ ነው። ጨዋማውን በቀስታ ቢያማስሉት ዘለላዎቹ እየተገናኙ ይተልቃሉ፣ በኃይል ቢመቱት ይበጣጠሳሉ። በባሕሩም ላይ እንዲሁ ነው።

ሙላቱ ያመጣውን ሽሽቱ ለምን መልሶ አይወስደውም?

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። በ1950ዎቹ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ፖስትማ፣ ቫን ስትራተንና ኩነን በዋደን ባሕር ላይ የገጠማቸው እንቆቅልሽም ይኸው ነበር። ከደሴቶቹ ጀርባ ያለው ውኃ ከውጭው የሰሜን ባሕር ይልቅ ድፍርስ ነው፤ ጭቃው ግን በአብዛኛው ከውጭ ይገባል። ድፍርስ ውኃ ከጠራ ውኃ ጋር ቢደባለቅ ጭቃው ወደ ጠራው መውጣት ነበረበት። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው።

መልሱ ያለው መዘግየት ላይ ነው። ከሙላቱ ጋር ወደ የብስ የሚጓዝ አንድ ዘለላ እንውሰድ። ፍሰቱ ሲዳከም ዘለላው መውረድ ይጀምራል። ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የነበረ ከሆነና በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወርድ ከሆነ ወለሉን እስኪነካ 17 ደቂቃ ያልፋል። በእነዚህ ደቂቃዎች ውኃው በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢጓዝ ዘለላው መውረድ ከጀመረበት ቦታ 100 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ያርፋል። ጥቂት ቆይቶ ሽሽቱ ይጀምራል። አሁን ዘለላውን ከወለሉ ለማንሣት የሚያስፈልገው ፍሰት ሲያወርደው ከነበረው ይበልጣል፤ የያዘውን ማስለቀቅ ከማስያዙ ይከብዳል። ፍሰቱ እዚያ ፍጥነት ላይ እስኪደርስ ዘለላውን ያመጣው ውኃ አልፎ ሄዷል። የሚያነሣው ከኋላ፣ ይበልጥ ከየብሱ በኩል የሚመጣ ሌላ ውኃ ነው። ይህ ውኃ ሽሽቱ ሲያበቃ የሚቆመው የመጀመሪያው ውኃ ከተነሣበት ቦታ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ዘለላው ከመነሻው ትንሽ ወደ የብስ ቀርቦ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ሙላት ደግሞ ይህን ጉዞ ከአዲሱ ቦታው ይጀምራል።

በዚህ ላይ የሙላቱ ቅርጽ ራሱ ይጨመርበታል። በብዙ ጥልቀት በሌላቸው ባሕረ ሰላጤዎች ሙላቱ አጭርና ፈጣን፣ ሽሽቱ ረጅምና ቀርፋፋ ነው። ፈጣኑ ሙላት የሚያነሣውን ቀርፋፋው ሽሽት አያነሣውም። በከፍተኛው ሙላት ላይ ውኃው ሜዳውን ሸፍኖ ረዘም ላለ ጊዜ ሲረጋም ለመውረድ ጊዜ ይገኛል። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ሽሽቱ የሚያይልባቸው የወንዝ አፎች አሉ፤ እዚያ ጭቃው ወደ ውጭ ይገፋል።

ሙላቱ ሲመጣ ከፊቱ ያለው ጠርዝ ለምን ይደፈርሳል?

የመጀመሪያው የውኃ ጠርዝ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሜዳው ላይ እየተንሸራተተ ሲመጣ ልል ጭቃውን፣ የደረቀውን የአልጌ ቅርፊትና አረፋውን ጠርጎ ይገፋል። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ትናንሽ ሞገዶች እንኳ ወለሉን ይነካሉ። ጠርዙ አልፎ ውኃው ጉልበት ድረስ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ከኋላው ያለው ይበልጥ የጠራ ነው። ውኃውን ለመለካት የሚወጡ ሰዎች ይህን ጠባብ ጠርዝ ቢዘነጉት አያስገርምም፤ መሣሪያዎቻቸው በዚያ ጥልቀት ውኃ ውስጥ አይገቡም።

ለምን ጭቃው ወደ የብስ፣ አሸዋው ወደ ባሕር ይሆናል?

የፍሰቱ ጉልበት ከባሕር ወደ የብስ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። አሸዋው ቀድሞ ይወድቃል፣ ደቃቁ ደግሞ ውኃው እስኪደክም ይቆያል። ከተለመደው አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው።

ያረፈው ጭቃ እንደገና ለመነሣት ምን ያህል ኃይል ይጠይቃል?

በዕድሜው ይወሰናል። ስዊድናዊው ፊሊፕ ዩልስትሮም እ.ኤ.አ. በ1935 ባቀረበው ሥዕላዊ መግለጫ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ከአሸዋ ወደ ሸክላ ሲወረድ ለማንሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት መቀነሱ ቀርቶ ይጨምራል፤ የረጋ ሸክላን ለመሸርሸር ጠጠርን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ፍሰት ሊያስፈልግ ይችላል። ምክንያቱ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው። አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን ያው ሸክላ በደካማ ፍሰት እንኳ ተንሳፍፎ ይቆያል።

አሁን ያረፈ ጭቃ አብዛኛው መጠኑ ውኃ ስለሆነ ቀጣዩ ሙላት በቀላሉ ያነሣዋል። ቀን እየገፋ ሲሄድ በራሱ ክብደት ይጨመቃል፣ ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭቃውም ይጠነክራል። በሽሽት ጊዜ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ደግሞ ይፈጥናል። በትንሹ ሙላት ጊዜ፣ ማለትም ጨረቃ ግማሽ ሆና ስትታይ፣ ውኃው የማይደርስበት የላይኛው ሜዳ ለቀናት ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ጨረቃ ሞልታ ወይም አዲስ ሆና ታላቁ ሙላት ሲመለስ የሚያገኘው ጠንካራ ወለል ነው። በተቃራኒው የጭቃው ክምችት በሊትር ከ10 ግራም ገደማ ሲያልፍ ዘለላዎቹ መተላለፊያ አጥተው እርስ በርስ ይደነቃቀፋሉ፤ መውረዱም ይዘገያል። ወለሉ ላይ ውኃም ጭቃም ሊባል የማይችል ወፍራም ፈሳሽ ይተኛል።

ከሙላት ፍሰትና ከሞገድ የትኛው ይበልጣል?

በመደበኛ ቀን ፍሰቱ፣ በማዕበል ቀን ሞገዱ። ብዙ ሰው ስለ ሙላት ብቻ ያወራል፤ እኔ ግን የአንድን ሜዳ ዕጣ ለማወቅ ብጠየቅ አስቀድሜ የማየው የነፋሱን አቅጣጫና ነፋሱ ያለ ከለላ የሚሮጥበትን የውኃ ርዝመት ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የግማሽ ሜትር ሞገድ ወለሉን በየጥቂት ሰከንዱ ይፈትጋል፤ ያነሣውን ደግሞ ፍሰቱ፣ ደካማ ቢሆን እንኳ፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ለሳምንታት የተጠራቀመ ጭቃ በአንድ ማዕበል ሊጠረግ ይችላል። “ሳይደፈርስ አይጠራም” የሚለው አባባል እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ብቻ አለው፤ ጠርቶ መልሶ የሚደፈርስበት ጊዜ ይበዛል።

ሁለቱ ኃይሎች በሜዳው ቅርጽ ላይ አሻራ ይተዋሉ። የሙላት ፍሰት የሚገዛውና ደለል የማይጎድልበት ሜዳ ከጎን ሲታይ ወደ ላይ ያበጠ ነው፤ ሞገድ የሚበላው ደግሞ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይሆናል። ጭቃም በበኩሉ ሞገድን ይመክታል። ከአማዞን አፍ ወጥቶ በፈረንሳይ ጊያና፣ በሱሪናምና በጉያና ዳርቻ የሚጓዘው የጭቃ ክምር በአሥሮች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን የሚረዝም ሲሆን በዓመት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞገድ በዚህ ልል ጭቃ ላይ ሲያልፍ ጉልበቱ ተውጦ ዳርቻው ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ክምሩ አልፎ ሲሄድ ያው ዳርቻ መሸርሸር ይጀምራል።

በጭቃው ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት ድርሻ አላቸው?

አላቸው፤ ይህን የማያካትት ስሌት ብዙም አላምንም። በሽሽት ጊዜ ሜዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ለሚመለከት ሰው የጭቃው ገጽ ወርቅማ ቡናማ ቀለም ሲይዝ ይታያል። ዳያተም የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ወጥተው ነው። ሙላቱ ከመድረሱ በፊት ተመልሰው ይገባሉ። ሲንቀሳቀሱ የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ቅንጣቶቹን ያስተሳስርና ወለሉ ለመሸርሸር ያለውን መቋቋም በብዙ እጥፍ ያሳድጋል። ቀዝቃዛና መካከለኛ አየር ባላቸው አገሮች ብዙ ሜዳዎች በሞቃቱ በጋ ጭቃ የሚያጠራቅሙት፣ በቀዝቃዛው ክረምት የሚያጡት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ የክረምቱ ማዕበል ቀሪውን ድርሻ ይወስዳል።

በሌላ በኩል ዳያተሙን የሚግጡ አሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህለው ሃይድሮቢያ የተባለች ቀንድ አውጣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአሥር ሺዎች ልትገኝ ትችላለች። ኮሮፊየም የተባለው ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ደግሞ ጉድጓድ እየቆፈረ ገጹን ያላላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ በፈንዲ የተደረገ ጥናት ይህን ሰንሰለት እስከ ወፎች ድረስ ተከትሎታል። ስደተኛ የባሕር ዳር ወፎች መጥተው ኮሮፊየሙን ሲለቅሙት ዳያተሙ ተስፋፋ፤ ጭቃውም ጠነከረ። ወፍ የባሕር ወለል ታጠነክራለች ቢሉ ማን ያምናል?

ኦይስተር የተባለው ቀፎ ለበስ እንስሳና መሰሎቹ ውኃ አጣርተው የሚበሉ ፍጥረታት ደቃቁን ጭቃ ውጠው በእንክብል መልክ ያስወጡታል። እንክብሉ በራሱ ከሚወርደው ቅንጣት እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። የባሕር ሣር፣ የጨው ረግረግ ተክሎችና በጨዋማ ውኃ ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ደግሞ ግንዳቸውና ቅጠላቸው ውኃውን ስለሚያዘገየው ጭቃው መካከላቸው ያርፋል።

ሜዳው በዓመት ምን ያህል ከፍ ይላል?

ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም፤ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ሰው ቢያጋጥም መጠየቅ ያለበት “ስንት ጊዜ ለክተህ?” የሚለው ነው። በአንድ ሙላት ብዙ ሚሊ ሜትር ወርዶ በዚያው ቀን ሊሄድ ይችላል፤ የዓመቱ ትርፍ ደግሞ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። የደለል ማጠራቀሚያ ዕቃ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ የሚያሳየው የወረደውን ብቻ ነው፤ ከዕቃው ውስጥ ስለማይነሣ ውጤቱ ይጋነናል። የተሻለው ሰሌዳ ቀብሮ በላዩ ያለውን ጭቃ ለዓመታት መለካት፣ ወይም ጥልቅ በተተከለ ዘንግ ላይ ተመሥርቶ የገጹን ከፍታ መመዝገብ ነው። ለአሥርት ዓመታት ታሪክ ራዲዮአክቲቭ ምልክቶች ያገለግላሉ። የኑክሌር ሙከራዎች ያሰራጩት ሲዚየም 137 እ.ኤ.አ. በ1963 አካባቢ ጣሪያ ደርሶ ስለነበር በጭቃው ውስጥ ያቺን ዓመት የሚያመለክት መስመር ይተዋል። በየ22 ዓመቱ በግማሽ የሚቀንሰው እርሳስ 210 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ብረት ደግሞ ወደ አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ያሳያል።

በተቆረጠ ጭቃ ላይ ስስ ንጣፎች ለምን ይታያሉ?

ፍሰቱ ሲበረታ ልም አሸዋ፣ ሲረጋ ሸክላ ስለሚወርድ ነው። ንጣፎቹ ከታላቅ ሙላት ወደ ትንሽ ሄዶ በሚመለሰው የሁለት ሳምንት ገደማ ዑደት እየወፈሩና እየሳሱ ይሄዳሉ። በደቡብ አውስትራሊያ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ ዓለት ላይ ጆርጅ ዊልያምስ የተባለው ተመራማሪ እንዲህ ያሉትን ንጣፎች ቆጥሮ በዚያ ዘመን ዓመቱ 400 ቀናት ያህል፣ ቀኑ ደግሞ 22 ሰዓት ያህል እንደነበር አስልቷል።

የባሕር ከፍታ እየጨመረ ሲሄድ ሜዳዎቹ ይሰጥማሉ?

የግድ አይደለም። ባሕሩ በአሁኑ ጊዜ በዓለም አማካይ በዓመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሜዳው በውኃ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም የሚያርፈው ጭቃም ይጨምራል፤ ስለዚህ በቂ ደለል ካለ ሜዳው አብሮ ይነሣል። ችግሩ ሁለት ነው፦ ደለሉ ሲቋረጥና ከኋላ ግንብ ሲኖር። ግንቡ ሜዳው ወደ የብስ እንዳያፈገፍግ ያግደዋል፤ ከፊት ደግሞ ባሕሩ ይበላዋል።

ግድብና ግንብ በደለሉ ላይ ምን ያደርጋሉ?

የቻይናው የያንግጼ ወንዝ በአንድ ወቅት በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ባሕር ይወስድ ነበር። በተፋሰሱ ግድቦች ከበዙና የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ እ.ኤ.አ. በ2003 ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ይህ መጠን ከ200 ሚሊዮን ቶን በታች ወርዷል፤ ከወንዙ አፍ ፊት ለፊት ያለው የባሕር ወለልም በቦታዎች መሸርሸር ጀምሯል። በደቡብ ኮሪያ ሴማንግም ላይ 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲዘጋ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ከሙላት ተነጥሏል።

በተቃራኒው ጭቃን ማጥመድም ይቻላል። በዋደን ባሕር ዳርቻ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሁለት ረድፍ ካስማ መካከል ጭራሮ ጠቅጥቀው ዝቅተኛ አጥር ይሠራሉ። አጥሩ ውኃውን ያስገባል፣ ሞገዱን ግን ይሰብራል፤ ከውስጥ የሚረጋው ውኃ ጭቃውን ይጥላል። በቬትናምና በኢንዶኔዥያ ዳርቻዎች በቀርከሃና በመሰል ቁሳቁስ የተሞከረው ዘዴ ዓላማው ማንግሮቭ የሚበቅልበትን ወለል ከፍ ማድረግ ነው። ከውጭ ድፍርስ ውኃ ካልመጣ ግን አጥሩ የሚያጠምደው ነገር አይኖርም።

በሜዳው ላይ መራመድ አደገኛ ነው?

አዎን፣ በሁለት ምክንያት። የመጀመሪያው ጭቃው ሲንቀጠቀጥ ጥንካሬውን አጥቶ ስለሚላላ፣ እግርን በኃይል መንቀል ይበልጥ መስመጥን ያስከትላል። የተያዘ ሰው ወደ ኋላ ተዘንብሎ ክብደቱን ማሳረፍ፣ እግሩን በዝግታ እያወዛወዘ ውኃ ማስገባትና እርዳታ መጥራት አለበት። ሁለተኛውና የከፋው ሙላቱ ነው። ውኃው በሜዳው ላይ ፊት ለፊት ከመታየቱ አስቀድሞ ሜዳውን በሚከፋፍሉት ቦዮች ውስጥ ገብቶ ከኋላ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 በእንግሊዝ ሞርካም ባሕረ ሰላጤ ቢያንስ 21 የቻይና ዜጎች ቀፎ ለበስ የባሕር እንስሳት ሲለቅሙ ሙላት ደርሶባቸው ሞተዋል። የሙላት ሰዓት ሰንጠረዥ ሳይዙ፣ ቦታውን የሚያውቅ መሪ ሳይኖር መግባት አይገባም፤ ሽሽቱ ገና ሳያበቃ ወደ የብስ መመለስ መጀመርም ያስፈልጋል።